እርሾ ያደረግሁት ዘይት

ሆዴ ሙሉቀን፣

ከተለያየን ስምንት ወር ሊሞላ ነው። እኔ ይኸው አለሁ፣ አለሁ ከተባለ። ልጃችን መክሊት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ከቁሐር ሚካኤል ወደ መፈልፈያችን ሩዝ የሚያመጡት ደንበኞችህም አልቀሩም፤ መብራት ሲጠፋ ያንን የናፍጣ ሞተር አስነስቼ እፈለፍልላቸዋለሁ።

መርከብ ላይ ስትሠራ ሞተሩ ባለ ፎቅ ቤት ያህል ነበር ስትለኝ፣ ዋሸኸኝ ብዬ ስስቅብህ ትዝ ይልሃል? ለየሲሊንደሩ ዘይት በልክ ይንጠባጠብለታል ትለኝ ነበር። ሲያንስ ብረት ብረትን ይበላል፤ ሲበዛም ተቃጥሎ ድንጋይ የመሰለ ጥቀርሻ ይሆንና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቀዋል። የነዳጁን አሲድ ለብረቱ ሲል ዘይቱ ይጠጣለታል፤ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲደክመው ግን ራሱ ይመረዛል። እኔም፣ ታዲያ ያንተን ቁጣ እንደምጠጣው እንደኔ ነዋ፣ እልህ ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ፣ አትቆጣኝ። ከመታመምህ በፊት የመፈልፈያችንን ሞተር ዘይት የቀየርከው አንተ ነህ። የመጨረሻው የእጅህ ሥራ እሱ ነው። ጊዜው ሲደርስ ማውጣት አቃተኝ። ግማሹን ብቻ አፍስሼ አዲስ ጨመርኩበት። ሊጥስ የሚነሣው ካሮጌው እርሾ ሲተውለት አይደል? ብዬ። ሦስት ጊዜ እንዲያ አደረግሁ።

ባለፈው ሳምንት ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ይተፋ ጀመር፣ ጉልበትም ከዳው። ከይፋግ ያስመጣሁት መካኒክ ዘይቱን በጣቱ አሽቶ አየና፣ እትዬ፣ አተላ ነው እንዴ የሞሉበት? አለኝ። የእርሾውን ነገር ስነግረው ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። የተበላሸው አዲሱንም ያበላሻል፣ ትንሽ ቢቆይ ሲሊንደሩ ተፍቆ ያልቅ ነበር አለ። ሞተርህን ልገድልብህ ነበር፣ ሆዴ።

የዘይቱን ማፍሰሻ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥቁር ነው፣ ወፍራም። ጠብ ማለቱን እስኪያቆም ቆሜ አየሁት። የቀብርህ ዕለት ሰዎች ደግፈውኝ ነበር፤ ዘይቱ ሲፈስ ግን ማንም አልያዘኝም። አዲሱን ስሞላው ሞተሩ ባንዴ ተነሣ። ያላንተ እንዲህ በቀላሉ መነሣቱ አናደደኝ፣ አስለቀሰኝም።

ጥቁሩ ጥፍሬ ሥር ገብቶ ቀረ። መክሊት በሳሙና፣ በሎሚ እጠቢው ብትለኝ፣ እንዳይለቅብኝ እምቢ ብዬ ሁለት ቀን በማንኪያ በላሁ። በሦስተኛው ቀን በራሱ ለቀቀ። እንግዲህ በእጄ የያዝኩት የለም። በሆዴ ግን ይዤሃለሁ፤ ካለህበት እስክመጣ ድረስ አልለቅህም።

ያንተው ጥሩወርቅ፣ ከወረታ