መተንፈሻውን የደፈንኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለእህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ ብሎ ይወጣልሻል ወይ? እማዬስ የጆሮዋን መሣሪያ ማድረግ ጀመረች ወይስ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው? የልጆቹ አባት፣ ልጆቹ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝ። እጄ ዘይት ስለነካ ወረቀቱ ቢያድፍ አትታዘቢኝ።

አሁን የልብስ ማጠቢያ ቤት ፒክ አፕ ላይ ነኝ። ጠዋት የታጠበ አንሶላ ለክሊኒኮች አደርሳለሁ፤ ከሰዓት የቆሸሸውን እሰበስባለሁ። መኪናዋ አሮጌ ብትሆንም ታታሪ ናት። አንድ ክፉ አመል ግን ነበራት። ፒስተኖቹ ላይ ያሉት ፋሻ የሚባሉት ቀለበቶች ስላረጁ፣ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ታች ያመልጣል። ያ ጋዝ የሚወጣበት መተንፈሻ ቱቦ አለ። የኛዋ ቱቦ ከቦታው ተነቅሎ ሞተሩ ስር ተንጠልጥሎ ስለነበር፣ አንሶላ መጫኛው ግቢ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ ያደርጋል።

አጣቢዎቹ በየቀኑ ይነዘንዙኛል፤ አንድ ቀን ይሄ ዘይት አንሶላችን ላይ ያርፍና ጉድ እንሆናለን ይላሉ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ አንድ ማለዳ የቱቦው አፍ ውስጥ ቡሎን ወተፍኩበትና በሽቦ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ወለሉ ጸዳ፤ ሴቶቹም መረቁኝ። ምርቃቱን እንደሚገባው ሰው ፈገግ ብዬ ተቀበልኩ።

በአራተኛው ቀን ዳገት መሀል ላይ የዘይት መብራት በራ። ወርጄ ኮፈኑን ስከፍት የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተገፍቶ ወጥቷል፤ ጎንበስ ስል ደግሞ ከሞተሩና ከካምቢዮው መገናኛ ዘይት ይንዠቀዠቃል። ያኔ ገባኝ። መውጫ ያጣው ጋዝ ዘይት ማገጃውን ጎማ ገፍቶ አውጥቶታል። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ቀጥዬ ቡሎኑን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

ያንን ጎማ ከሁለት ሳምንት በፊት የቀየሩት ጋሽ ቀስ በል ናቸው። የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ሁሉንም ሰው «ቀስ በል» ስለሚሉ ስሙ ወጣላቸው። መኪናዋ ተጎትታ ጋራዣቸው ስትደርስ አሰሪዬ መጥታ አየቻትና የሽማግሌው ስራ ነው አለች፤ ከእንግዲህ ሌላ ጋራዥ ነው የምንሄደው ብላ ቆረጠች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።

በማግስቱ መኪናዋ ውስጥ የተውኩትን ጃኬቴን ልወስድ ጋራዡ ስሄድ፣ ጋሽ ቀስ በል መፍቻዎቻቸውን ከግድግዳው አውርደው መሬት ላይ ደርድረዋል። «እጄ ከዳኝ መሰለኝ» አሉኝ። «ጎማው ልክ ሲገባ አይቼ ነበር፤ ለካ ዓይኔም ሄዷል። በቃ፣ ለሚሰራበት ሰው ልስጠው።»

እታለሜ፣ መቼም ታውቂኛለሽ። ከዳቦ ቤቱም ከመጋዘኑም የወጣሁት አንድ ነገር ባበላሸሁ ቁጥር ድምፄን አጥፍቼ እየጠፋሁ ነው። ያን ቀንም ጃኬቴን ይዤ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። መፍቻዎቹን በጨርቅ እየወለወሉ ሲያስቀምጡ ግን አላስችል አለኝ። ተመለስኩና ቡሎኑን መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ፣ «ጋሼ፣ መተንፈሻውን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አገላበጡት። ስድብ ስጠብቅ «ስንት ቀን?» አሉኝ። ሦስት ቀን ተኩል አልኳቸው። «እኔ ያስገባሁት ጎማ ሦስት ቀን ተኩል ያን ሁሉ ግፊት ቻለ ማለት ነው!» ብለው ሳቁ፤ እየሳቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ኮስተር አሉና ለእኔ መንገርህ ብቻ አይበቃም፣ ለአሰሪህም ንገራት አሉኝ።

ለአሰሪዬ ስነግራት አንሶላ ማጠፏን አላቋረጠችም። የመጨረሻውን አጥፋ ስታበቃ በእግሯ ጋራዡ ድረስ ሄዳ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቀች። ለእኔ ደግሞ መኪናዋን አብረህ ትጠግናለህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም እሳቸው ዘንድ ትማራለህ፣ እምቢ ካልክ ቁልፉን አስቀምጥ አለችኝ። ሳትጨርስ እሺ አልኩ።

ካምቢዮውን አብረን አውርደን አዲስ ጎማ አስገባን። ቱቦውንም ቀየርነው፤ መሀሉ ላይ ወንፊት ሽቦ ያለባት የብረት ጣሳ አስገባን። ጋዙ በጣሳዋ ሲያልፍ ዘይቱን እዚያ ያራግፍና ራሱ በአየር ማጣሪያው በኩል ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይቃጠላል። ከዚያ ሞተሩ እየሰራ ጋሽ ቀስ በል የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው አፉን የአጣቢዎቹን ስስ ጓንት አለበሱት። ቢነፋ ኖሮ ጋዙ መውጫ አጥቷል ማለት ነበር። ጓንቱ ግን ልምሽሽ ብሎ ተኛ።

ፋሻዎቹ አሁንም አሮጌ ናቸው፤ አልዋሽሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሳዋን እገለብጣለሁ። መጀመሪያ ግማሽ ብርጭቆ ይሞላ ነበር፤ አሁን ሩብ ቢሆን ነው። መጨመር ከጀመረ ሞተሩን እንከፍታለን፤ ጋሽ ቀስ በል ግን ገና ብዙ ዳገት ትወጣለች ይላሉ። ባለፈው ቅዳሜ የሌላ ሰው መኪና ላይ ዘይት ማገጃውን ጎማ እኔ እንዳስገባ ፈቀዱልኝ። ልክ ሲቀመጥ እፍን ያለች ድምፅ አለችው፤ እሷን እስክሰማ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ለልጆቹ አባት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ መኪናው ስር ዘይት ካየ ከመድፈኑ በፊት ይጻፍልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ ኮርቻለሁ በይልኝ። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለእማዬ ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ዝም ብዬ የቆምኩበት ቦታ ስትደርሺ ልትዘይው ታስቢ ይሆናል። አትዝለይው፤ ሁሉንም ትስማልኝ።

ወንድምሽ

ከመጫኛው ግቢ ፊት ለፊት ካለችው ክፍሌ
እሁድ ከሰዓት፣ የካቲት 16