ፀሐይዋ ገና አልተረጋጋችም

ሰኞ

ሬዲዮው ዛሬም የሲሳይን ድምፅ አላመጣም። ጤና ቢሮ ሄጄ ከኦፕሬተሩ ከጋሽ መኮንን አጠገብ ተቀመጥኩ። ሹክሹክታና ፉጨት ብቻ! ታናሽ ወንድሜ ዝቋላ ወረዳ፣ ከጽጽቃ ከተማ አልፎ ኔትወርክ የማይደርስበት ቆላ ውስጥ ነርስ ነው። ሁሌ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ሪፖርት ያደርጋል፤ እኔም ድምፁን ሰምቼ ለእናቴ እነግራታለሁ። ቅዳሜ ወባ ይዞኛል ብሏል። «ቀላል ነው» ብሎ ሳቀ። እሱ መቼ ከባድ ነው ብሎ ያውቃል!

ወደማስተምርበት ኮሌጅ ስመለስ ማግኔቶሜትሩን አየሁት። የምድርን መግነጢስ የሚያሳየው መስመር ቁልቁል ወርዷል። ፀሐይ ሰሞኑን የተፋችው ነገር ደርሶናል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን የሩቅ ሬዲዮ ይታወካል። እፎይ አልኩ። የፀሐይ ማዕበል አይቶ እፎይ የሚል ሰው ከእኔ ሌላ መኖሩን እንጃ። ለእናቴ «ፀሐይዋ ተቆጥታ ነው» አልኳት።

«ምን አድርገናት?» አለች።

ማክሰኞ

መስመሩ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ግን እየተመለሰ ነው። ለጋሽ መኮንን ደውዬ ትንበያዬን ነገርኳቸው፤ ነገ ሬዲዮው ይሻለዋል። እናቴ ምሳ አልነካችም። ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ፀሐይ ይጠይቀኛል። ለወትሮው ስለ ሥራዬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ረቡዕ

ተረጋጋ! ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ እየሮጥኩ ጤና ቢሮ ሄድኩ። ጋሽ መኮንን በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ገና ነው ልጄ። ፀሐይዋ አልተረጋጋችም ተባለ።»

ማን አለ? የምነግራቸው እኔ ነኝ። ዓይን ዓይኔን አላዩኝም። ከውስጥ የሌላ ጣቢያ ሰው በሬዲዮው ጥርት ብሎ ሲያወራ ይሰማል። አልጠየቅኳቸውም። ፈራሁ።

ሐሙስ

መስመሩ ሰላም ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ብቻ ከፍ ብሎ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የጤነኛ ቀን መልኩ እንዲህ ነው። ዛሬ ጠላሁት።

ቤት ስገባ አጎቴ ከኒሯቅ መጥተዋል። ለገበያ ነው አሉ። የምን ገበያ? ወደ ውጭ ይዣቸው ወጣሁ።

«እኔን አይደብቁኝ። ፀሐይዋ ከትናንት ጀምሮ ደህና ናት።»

ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። ሲሳይ ማክሰኞ ዐርፏል፤ ወደ ጽጽቃ ተሸክመውት ሲመጡ መንገድ ላይ። ብቻውን ሌላውን ሲያክም የነበረ ልጅ! ጩኺ ጩኺ አለኝ፤ እናቴ እንዳትሰማ ነጠላዬን ነከስኩ።

«መርዶው ነገ ማለዳ ነው» አሉ። «ዛሬ እህል ትቅመስ፣ ትተኛ። ፀሐይዋ ገና ናት በያት።»

ማምሻውን እናቴ «ዛሬስ?» አለችኝ።

«ገና ናት።»

«ለነገስ?»

«ነገ ማለዳ ወሬው ይደርሰናል» አልኳት።

ፊቷ በራ። እራቷን በላች። ከዚያ ቅቤውን አምጥታ ከፊቴ ቁጭ አለች፤ በሐሳብ ፀጉሯን ጥላው ሰንብታለች፣ እንድቀባት ነው። አጎቴ ወደ በሩ ዞረው ተቀመጡ። ቀባኋት። ወንድሜ፣ ወንድሜ።

አሁን ተኝታለች። ነገ ፀጉሯን ስትነጭ ቅቤው እጇን ሲነካው፣ እያወቅሽ ለምን ቀባሽኝ ትለኝ ይሆን?