በሳሙና ስለታሹት ስምንት ደጋኖች ለክቡር ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የባህልና ኪነ ጥበብ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ለሃያ ሁለት ዓመት ቫዮሊንና ታላቅ ወንድሙን ቼሎን ሳስተምር የኖርሁ፣ ባለፈው ቅዳሜም በአዳራሹ መድረክ ጥግ ቆሜ እጅ ስነሳዎ ያዩኝ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው እርስዎን ለማዋረድ አይደለም፤ በውርደትማ እኔ እቀድምዎታለሁ።

አንደኛ፣ ወጣት የክላሲካል ሙዚቀኞችን ከአዲስ አድማጭ ጋር የማስተዋወቅ መርሐ ግብር ስላሰቡልን እናመሰግናለን። ተማሪዎቼ እስከዚያ ቀን ድረስ የተጫወቱት ለእኔና ለወላጆቻቸው ብቻ ነበር፤ ወላጅ ደግሞ ልጁ ምንም ቢጫወት ያለቅሳል። ቼሎ የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ አራት መቶ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ሊያዳምጧቸው እንደሚመጡ ስነግራቸው፣ ስምንቱም ልጆች ጣታቸው እስኪላጥ ሦስት ወር ተለማመዱ። በተለይ ቼሎ የምትጫወተው የአውቶቡስ ሹፌሩ ልጅ፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ለብቻዋ የምትጫወተው ክፍል ስለነበራት ምግብ እንኳ አልበላ ብሏት ከረመች።

ሁለተኛ፣ ዝግጅቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ስላደረጉልን ጥንቃቄ እናመሰግናለን። ልጆች ስለሆኑ ይሳሳታሉ፣ እንግዶችና ካሜራ ባሉበት ያሳፍሩናል፣ ስለዚህ አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ የተጫወተው ቅጂ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅና እነሱ እጃቸውን ያንቀሳቅሱ ብለው አዘዙ። አድማጩም የፋብሪካ ሰው ስለሆነ ልዩነቱን እንደማያውቀው በትዕግሥት አስረዱኝ።

እዚህ ላይ ሦስተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ግን ከዚህ በኋላ ያለው የእርስዎ ሥራ ሳይሆን የእኔ ነው። ደጋኑ ገመዱ ላይ ሲሄድ ድምፅ እንዳያወጣ ከተፈለገ፣ ድምፅ እንዲሰጥ በሚቀባው ሙጫ ፋንታ፣ ደጋኑ የተወጠረበት የፈረስ ፀጉር ላይ ሳሙና ይታሻል። ይህን ዘዴ ከእርስዎ ቢሮ ማንም አያውቀውም፤ እኔ አውቀዋለሁ። እምቢ ማለት ስችል፣ ሌላ መድረክ እንዳንከለከል ነው ብዬ ራሴን አታልዬ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ሳሙና አንስቼ ስምንቱንም ደጋኖች አንድ በአንድ በገዛ እጄ አሸሁ። ልጆቹ ከብበውኝ ያያሉ። ምነው በሰደቡኝ! የሹፌሩ ልጅ ደጋኗን ስትቀበለኝ እንደ ወትሮዋ አመሰገነችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ሙዚቃው ተለቀቀ፣ ልጆቹ እጃቸውን አንቀሳቀሱ፣ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እርስዎም ስለ ወጣቶች ተስፋ አርባ ደቂቃ ተናገሩ፣ ለዚያም ሠራተኞቹ ቆመው አጨበጨቡ። ችግሩ ምን መሰለዎት፣ ቅጂው ውስጥ ጥሩምባ ነበረ፤ መድረኩ ላይ ግን ጥሩምባ የያዘ ሰው አልነበረም። መውጫው በር ላይ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ልብስ ሰፊ አስቁመውኝ፣ ያ ጥሩምባ የሚነፋው ልጅ የት ተቀምጦ እንደነበር ጠየቁኝ፤ ሊያመሰግኑት እንደሚፈልጉም ነገሩኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ነው አልኋቸው። በዚህ ሽበቴ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸኋቸው። እሳቸውም ትንሽ ጠብቀው፣ ሰላምታ አድርስልኝ ብለውኝ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት የሹፌሩ ልጅ ቼሎውን ከቢሮዬ በር ላይ አስደግፋው ሄዳለች። ቤታቸው ድረስ ብሄድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ያን ቀን ተጫውታ ብትሳሳት ኖሮ፣ ከዚህ የበለጠ አፍርባት እንደሆነ። አባቷ እስከ በሩ ሸኙኝ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወደ ፋብሪካው ሄድሁ። መመገቢያ አዳራሹ መሃል ቆሜ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ማንም እንዳልነበረ፣ ልጆቹ አንዲት ድምፅ እንዳላሰሙ፣ ያንንም ያደረግሁት እኔ እንደሆንሁ ተናገርሁ። ጠብቄ የነበረው ስድብ ነው። እኚያ ልብስ ሰፊ ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ገና ከመጀመሪያው ሁሉም ማወቃቸውን በእርጋታ ነገሩኝ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በእጅ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚሠራ እጅና የሚያስመስል እጅ አይጠፋቸውም። ታዲያ ቆመው ያጨበጨቡት ለምንድን ነው? ልጆቹን አንገታቸውን ደፍተው ስላዩዋቸው፣ እንዳያፍሩ ብለው ነው። እሳቸውም ስለ ጥሩምባው የጠየቁኝ ጠፍቷቸው አይደለም፤ እውነቱን እንድናገር ዕድል ሊሰጡኝ ኖሯል።

ይህን ለልጅቷ ነገርኋት። ሳሙና የነካውን የደጋኗን ፀጉር አውጥቼ አዲስ እንዳስገባላት ጠየቀችኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ በምሳ ሰዓት ስምንቱም እዚያው ፋብሪካ፣ ያለ ማይክራፎን፣ ከነስሕተታቸው ይጫወታሉ። ክቡርነትዎም ተጋብዘዋል፤ ንግግር አልተያዘም።

ሲያዙት እሺ፣ ሲጠሩት አቤት በማለት ዕድሜውን የፈጀ፣
ለእርስዎ ካለው አክብሮት ለራሱ ጥቂት ያላስቀረ፣
አንድ የሙዚቃ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ሠራተኞቹ ለንግግርዎ ቆመው ያጨበጨቡበትንም ምክንያት ጠይቄያቸው ነበር። ያው ነው አሉኝ።