ሻኛዋ ያዘነበለባት ግመል

ልጄ ሂባቅ፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ፍየሎቹም ደህና ናቸው። ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን ጣል አድርጓል።

የግመላችን የዓዶ ሻኛ በድርቁ አልቆ ወደ ጎን አዘነበለ። አባትሽ ግን ወተቷ አልነጠፈም ብሎ ውኃ ጫናት። ከጉድጓድ ስትመለስ መንገድ ላይ ተንበርክካ አልነሳም አለች። ከትምህርትሽ የነገርሽኝን ነገርኩት፤ ሻኛ ጮማ እንጂ የውኃ ቋት አይደለም፣ ሣር ሲጠፋ ጮማው ሰውነቷ ውስጥ ይነዳል፣ ካርቦኑም በትንፋሿ ይወጣል አልኩት።

«ታዲያ ሻኛዋን በአፍንጫዋ ተንፍሳ ጨረሰችው በይኛ!» ብሎ ሳቀ።

«አዎ። ያጠጣችህ ወተትም ከዚያው የተቀነሰ ነው።»

ሳቁን ተወና ጭነቱን አወረደ። እንደ ደንባችን ሻኛዋ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ማንም አይጭናትም።

የላክሽው ፎቶ ደርሶናል። ጉንጭሽ ገብቷል። አባትሽ ስልኩን አስጠግቶ ብዙ አየሽና «ይቺንስ ማን ጫናት?» አለኝ።

እባክሽ ሁለተኛውን ሥራ ተይው፤ ለእኛ የምትልኪው ገንዘብ ለጊዜው ይቅርና ብዪበት። አላህ ጮማሽን ይመልስልሽ።

እናትሽ