እርስ በርሱ ያልተስማማው ወረቀቴ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አባዬ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይውጣል? እማዬን ያ ደረቅ ሳል ለቀቃት? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን ሰላም አጥቷል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የምሠራበትን የልብስ ማጠቢያ ቤት ታውቂዋለሽ፤ እኛ ሰባት ሴቶች እናጥፋለን፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ሦስት ልብስ ተኳሾች አሉ። አዲስ የመተኮሻ ማሽን መጣና ከሦስቱ አንዱ ይሰናበት ተባለ። አለቃችን በራሱ አፍ ማሰናበት ጨንቆት ፍርዱን በእኛ ጫንቃ ላይ ጣለው። ሦስቱን ሰዎች ሁለት ሁለት እያደረገ፣ ከሁለቱ ማን ሥራው ላይ ይቆይ የሚል ሦስት ጥያቄ በወረቀት አደለን።

እኔም የልቤን መለስኩ። ከአባባ ካውያና ከመንታዎቹ እናት፣ አባባ ካውያ ይቆዩ አልኩ፤ በገባሁ ሰሞን ልተኩስ ብዬ የሰው ሸሚዝ ሳቃጥል ጥፋቱን የወሰዱልኝ እሳቸው ናቸው። ከመንታዎቹ እናትና ከቁምነገር፣ እሷ ትቆይ አልኩ፤ ሁለት አፍ ይጠብቃታል። ቁምነገር የምንለው ከአፉ ቁምነገር ወጥቶ ስለማያውቅ ነው፤ ከእሱና ከአባባ ካውያ ሲሆን ግን እሱ ይቆይ አልኩ። የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ እንፋሎቱ ሁለት ጊዜ አቃጥሏቸዋል።

ሰኞ የቢሮው ጸሐፊ ወረቀቴን ይዞ መጣ። ለካስ የእያንዳንዳችን መልስ እርስ በርሱ መስማማቱን እየለካ ነጥብ ይሰጣል፤ የሌሎቹ ሙሉ ሲሆን የእኔ ዜሮ ወጣ። «አንቺ እኮ ዙሪያውን ነው የዞርሽው፤ እሳቸው ከእሷ፣ እሷ ከእሱ፣ እሱ ደግሞ ከእሳቸው ይቀድማል ብለሻል፤ ታዲያ መጨረሻው ማን ነው?» አለኝ። መጨረሻ እንዳይኖር ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ማን ይሰናበት በሚለው የስድስቱ ሴቶች ድምፅ ሁለት ሁለት ሆኖ ለሦስቱ ተከፍሏልና የሚለየው የአንቺ ነው አለ። አንዷን መልስ ገልብጪ ብሎ እስክሪብቶውን ሰጠኝና አጠገቤ ቆመ። የትኛዋንም ብገለብጥ ከሦስቱ አንዱ ከታች ይወድቃል። አባባ ካውያ ልጆቻቸውን ድረዋል፣ ማረፍም ይገባቸዋል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩና የመጀመሪያዋን ገለበጥኩ፤ እሳቸው ከሁለቱም በታች ሆኑ። አሁን ወረቀቴ ሙሉ ነጥብ አለው።

ከዚያ ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ነገሩ የታወቀብኝ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። እታለም፣ አንቺ ብትሆኚ የቷን ትገለብጪ ነበር? ተይው፤ ይህ ሲደርስሽ ሁሉም አልቋል።

ማስታወቂያው ነገ ጠዋት ይለጠፋል። ዛሬ ከሥራ ስንወጣ አባባ ካውያ ወደ ጥግ ጠሩኝ፤ መነጽራቸው ተሰብሯል። «ነገ አብረሽኝ ቁሚና ስሙን አንብቢልኝ፤ ከአንቺ አፍ ከሆነ ክፉም ቢሆን ይቀለኛል» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

የአባዬንና የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላቸው። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺ። ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዳትተው ምከሪልኝ፣ ሕፃኑን ጉንጩን ሳሚልኝ። ስለ እኔ ከጠየቁሽ ደህና ናት በያቸው።

ታናሽ እህትሽ

ከአጣፊዎች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ ሚያዝያ 17 ቀን