ባዝራዋን ምን እላት እንደነበር

ውድ ልጄ ማሪቮን፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ትላለች ፊሎሜን። አንቺን ስለ ጤናሽ አልጠይቅሽም። ካረፍሽ አሥራ አራት ወርሽ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ከእናትሽ ጎን ተኝተሻል። እኔ ሰማንያ አንድ ሞልቶኛል። ደረቴ ያፏጫል፣ ጥርሴ አልቋል፣ ምላሴ ግን አለ። የምጽፍልሽ በእሱ ነው። እጁ የፊሎሜን ነው።

ፊሎሜንን ታውቂያታለሽ፤ መጀመሪያ በብስክሌት፣ ኋላም በቢጫዋ መኪና ሠላሳ ዓመት ፖስታ ያደረሰችልን ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በማዘጋጃ ቤቱ ክፍል ሰው ሰብስባ የአገራችንን ቋንቋ፣ ብሬቶንኛን፣ ታነባለች። ስምንት ዘጠኝ አሮጊቶች፣ ሁለት ወጣት አስተማሪዎች፣ አንድ መርከበኛ የነበረ እንቅልፋም፣ አሁን ደግሞ እኔ አለን። ሲያነቡ እሰማለሁ። ሲሳሳቱ አርማለሁ። ፊደል ሳይቆጥር የሚያርም ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣው ያንቺ መጽሐፍ ነው። ዌልስ ያለችው አለቃሽ፣ ፕሮፌሰር ኤሊኔድ፣ ወረቀቶችሽን በሦስት ሳጥን ላከችልኝ። የመንደራችንን ቃላት የሰበሰብሽበትን መጽሐፍ በመጪው መከር ሊያሳትሙት ነው። በስምሽም በየዓመቱ አንድ ተማሪ በነጻ ተቀብለው የኛንና የነሱን ቋንቋ ሊያስተምሩ ነው፤ የመጀመሪያዋ ከጃፓን ናት ብላለች። ከጃፓን ድረስ መጥታ የኔን ጋጥ የምታነብ ሴት! ይህን ስሰማ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ራሱ አስጠላኝ። ሳቄ ምን እንዳደረገ አንቺና እኔ እናውቃለን።

ፕሮፌሰሯ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አንደኛው፣ በመጽሐፉ ውስጥ አርባ ሁለት ቦታ ላይ ባዶ መስመር ትተሻል። ከእያንዳንዱ ባዶ መስመር አጠገብ በእጅሽ «አባቴ ያውቃል» ብለሽ ጽፈሻል። እነዚህን ይሙሉልን፤ ካልሆነም ባዶውን እናትመዋለን አለች። ሁለተኛው፣ ከመጽሐፉ ፊት የሚገባ ጥቂት ቃል ይጻፉልን አለች። ለማላውቃቸው ሰዎች ምን እጽፋለሁ? የምጽፈው ላንቺ ነው። ማንበብ የፈለገ ከጎን ቆሞ ያንብብ።

ስለዚያ እሑድ ልናገር ነው። ፊሎሜን «ይሄስ ባይገባ፣ አጎቴ ጉልቬን፤ ሰው ያነበዋል» ትለኛለች።

«ይነበብ» አልኳት።

ከሬን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣሽ ጊዜ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ፋንሽ አንጥረኛውና ሌሎቹ ወንዶች መጠጥ ቤቱ ውስጥ የፖም ጠጃችንን፣ ሲድር፣ ይዘን ቆመናል። አንቺ ገባሽ። ጉንጭሽ ቀልቷል፣ መንገዱን ሁሉ ስትለማመጂው እንደመጣሽ ያስታውቃል። ከመጽሐፍ በተማርሽው ብሬቶንኛ «የተከበራችሁ ሰዎች ሆይ፣ እናንተን ለማየት በመታደሌ ሐሴት አደርጋለሁ» አልሽ።

«ተነሡ እንጂ!» አልኩ እኔ። «ጳጳሱ መጡ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፋንሽ «ጉልቬን፣ ይህችን ልጅ ከየትኛው ሱቅ ነው የገዛሃት?» አለ። «ከሬን ነው፤ የመመለሻ ቀኑ አልፎብኛል» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አባትሽ። አንቺ በፈረንሳይኛ «ምሳ ደርሷል፣ አባባ» ብለሽ ወጣሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞቺ ድረስ አንድ የብሬቶንኛ ቃል ከአፍሽ አልሰማሁም።

ቋንቋውን ያላስተማርኩሽ ንቄሽ አልነበረም። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ከእሱ ሌላ አላውቅም ነበር፤ እዚያ ግን ከፈረንሳይኛ ሌላ መናገር ክልክል ነው። አንዲት ቃል ብታመልጠኝ መምህሩ ያረጀ የእንጨት ጫማ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠለጠለብኝ። ሌላ ልጅ ብሬቶንኛ ሲናገር ይዘህ ካጋለጥክ ጫማው ወደ እሱ ይዞራል፤ ማታ ደወል ሲደወል አንገቱ ላይ የተገኘበት ይገረፋል። እኔ ማንንም አላጋለጥኩም። በየቀኑ ተገረፍኩ። በሁለተኛው ዓመት ጫማውን ከድልድዩ ላይ ወደ ወንዝ ወረወርኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ዳግመኛ በዚያ ደጃፍ አላለፍኩም። አሁንም ቢሆን አልጸጸትም።

አምስት ወር ሲሞላሽ እናትሽ «በዚህች ልጅ አንገት ላይ ጫማ አይንጠለጠልም» አለች። «አይንጠለጠልም» አልኩ። ስለዚህ ፈረንሳይኛ ሰጠንሽ። የኔ ፈረንሳይኛ የተውሶ ኮት ነበር፤ እጅጌው ያጥራል፣ ብብቱ ይይዛል። በዚያ ኮት ውስጥ ሆኜ ነው ያሳደግሁሽ። አቅፎ ለመያዝ እንኳ አይመችም።

ዌልስ ሄደሽ እንድትማሪ ሲመርጡሽ የመቅረጫ መሣሪያ ይዘሽ መጣሽ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከቅቤው ሳህን አጠገብ አስቀመጥሽው።

«አባባ፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ስለ ፈረስ ያውሩልኝ፣ ስለ እርሻ፤ የፈለጉትን» አልሽኝ።

«ላሞቹ ይጠብቁኛል» አልኩሽ።

ላሞቹ ታልበው ነበር።

ከዚያ ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። ፊሎሜን መኪናዋን አቁማ «ላንብብልዎ?» ትለኛለች። «የራስሽን ሥራ ሥሪ!» እላታለሁ። ወቀሳ መስሎኝ ነበር። ያንን እሑድ ከአፍሽ ያልወጣውን በወረቀት የላክሽልኝ መስሎኝ፣ ወቀሳዬን ደግሞ በፖስተኛ አፍ መስማት ሞት መሰለኝ። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ኖሮ… ግን አልነበረችም። ደብዳቤዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ ጋጡ ውስጥ፣ የባዝራዬ የኮኬት ልጓም ከሚንጠለጠልበት በላይ አኖርኳቸው።

በየገናው ስትመጪ ትጠይቂኝ ነበር።

«ደብዳቤዬ ደረሰዎት?»

«ደርሷል።»

«እና?»

«ደህና ነው።»

ዓይኔን ታዪ ነበር። እኔ ደግሞ በመስኮት ዝናቡን። አሥራ አንድ ገና እንዲሁ አለፈ።

ልብሽ በሠላሳ ስምንት ዓመትሽ ቆመ፤ በቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ላይ፣ መጽሐፍ ተከፍቶ። ያንቀላፋሽ መስሏቸው አልቀሰቀሱሽም አሉ። ከቀብርሽ በኋላ ባለው ሐሙስ ቆርቆሮውን በብብቴ ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩና ፊሎሜን ፊት አስቀመጥኩት። ሃያ ስድስት ደብዳቤ ነው። አንዱም አልተከፈተም። ሁሉንም በእጇ ያመጣቻቸው ፊሎሜን ራሷ ነች፤ አንድ በአንድ እያገላበጠች ማኅተማቸውን አየች።

«እርስዎ ግን…» አለች።

«አውቃለሁ። አንብቢ።»

የመጀመሪያው ሲከፈት የመጀመሪያው መስመር «አባባ፣ ይህን ፊሎሜን ታንብብልዎ» ይላል። አለቀሰች። «ወረቀቱን እንዳታርሺው» አልኳት።

ወቀሳ አንድም የለበትም። ከዳር እስከ ዳር ጥያቄ ነው። «አባባ፣ እዚህ ዳቦን የሚጠሩት ልክ እንደኛ ነው፤ ቢሰሙ ይስቁ ነበር» ትያለሽ። ከባሕር ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣውን ካፊያ ምን ትሉታላችሁ? በባዝራ ሆድ ሥር የሚታሰረውን ጠፍርስ? በእርሻው ጫፍ የሚቀረውን የመጨረሻ ትልም? ከእያንዳንዱ ጥያቄ በታች ባዶ መስመር ትተሽልኛል፣ ለመልሴ፤ በመጽሐፍሽ ባዶ የቀሩትም እነዚሁ ናቸው። ጠብቀሻል። አንቺ በቤተ መጻሕፍት የሌለውን ፍለጋ የጻፍሽው ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ከልጓም ጋር ሰቀልኩት።

ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ጥያቄዎችሽን መመለስ ጀመርን። በዚህ ሰበካ በፈረስ ያረሰ ሰው ከእኔ ሌላ የቀረ የለም፤ ፋንሽ እንኳ ባለፈው ዓመት ሄደ። ፊሎሜን ታነባለች፣ እናገራለሁ፣ ትጽፋለች። አስተማሪዎቹ «ይህ እኮ በየትኛውም መዝገበ ቃላት የለም!» ሲሉ «መዝገበ ቃላቱ አርሶ ያውቃል?» እላቸዋለሁ። አርባ አንዱን ሞላን።

አርባ ሁለተኛው ቀረ።

«አርባ ሁለተኛው፣ አጎቴ ጉልቬን።»

«ዝለይው።»

«ስድስት ሐሙስ ዘለልነው።»

«ሰባት አድርጊው።»

«ማተሚያ ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው ያለው። የርስዎም ደረት…»

ይኸውና ያንቺን ጥያቄ እንዳለ አስጽፈዋለሁ። በሦስት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጠይቀሻል፦ «አባባ፣ ሰባት ዓመቴ እያለ ከጋጡ በር ኋላ ተደብቄ እሰማዎት ነበር። ኮኬትን ከጋሪው ፈትተው ልጓሟን ሲያወልቁላት ጆሮዋ ሥር የሚሏት ነገር ነበር። ዜማው ትዝ ይለኛል፤ ቃሉን አልሰማሁትም። ምን ነበር የሚሏት? እውነቱን ልንገርዎት፤ በባዝራዋ እቀና ነበር።»

መቅናትሽ ትክክል ነው።

እናቴ ከማሳ ስንመለስ ለእያንዳንዳችን የምትለን ቃል ነበር። አንቺ ስትወለጂ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት፣ ከሥራ ስገባ እጄን ታጥቤ ደረቴ ላይ አስተኛሽና እሱን ቃል እልሽ ነበር። ዝም ትያለሽ። እያለቀስሽ እንኳ ቢሆን ዝም ትያለሽ። ከዚያ እናትሽ ስለ ጫማው ያንን ነገር አለች፣ እኔም ቃሌን ሰጠሁ። በማግሥቱ ደረቴ ላይ ሆነሽ አለቀስሽ፤ በፈረንሳይኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። ለእናትሽ መለስኩሽና ወደ ጋጥ ወጣሁ። ቃሉ አፌ ውስጥ ሞልቷል፣ መዋጥ አይቻልም፣ መትፋትም አይቻልም። ለኮኬት አልኳት። ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። እስክትሞት ድረስ በየቀኑ እላት ነበር። ከሰው የማላገኘውን ከእሷ አገኘሁ፤ አንቺ ከበሩ ኋላ ቆመሽ።

የሰጠኋት ያንቺን ነው፣ ማሪቮን። በሰው ንብረት ነው ባዝራ ያባበልኩት።

ፕሮፌሰር ኤሊኔድ ከዚህ በታች የማስጽፈውን ቃል በአርባ ሁለተኛው መስመር ታስገባው። አጠገቡ «አባቴ ያውቃል» ያልሽውን ግን እንዳትፍቀው። አውቅ ነበር።

ነገ ፊሎሜን በመኪናዋ ወደ አንቺ ታደርሰኛለች። እሷ ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች። እኔ እገባና ቆቤን አውልቄ፣ ጉልበቴ ከፈቀደ ጎንበስ ብዬ፣ ድሮ ደረቴ ላይ በምልሽ ቋንቋ ያንኑ ቃል እልሻለሁ፦ በቃሽ፣ የኔ ትንሽ። ቀኑን አውርጂው። የቀረውን እኔ እሸከመዋለሁ።

አባትሽ ጉልቬን ኬርማሬክ
ቃሉ የኔ፣ ጽሕፈቱ የፊሎሜን