ባሮ ላይ የገባ ታኮ

ከባሮ ማዶ ላለሽው ለቀድሞ እጮኛዬ ይድረስ።

እንደምን ከረምሽ? ሙቀቱስ፣ ትንኙስ፣ ተማሪዎችሽስ እንዴት ይዘውሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከደምመላሽ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ፤ ደምመላሽን ግን ፈጣሪም የሚችለው አይመስለኝም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሽማግሌ የላከብሽ ሰውዬ መልስ እየጠበቀ ስለሆነ፣ በመጋቢት ራስህ ካልመጣህ እሺ እለዋለሁ ብለሽኝ ነበር። አልመጣህምና እሺ ብያለሁ ትይኛለሽ። እንዳይከፋኝ ብለሽ መሰለኝ፣ ከግርጌው ደግሞ ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥተው ወንዝ መሃል ጀልባቸውን አሸዋ ላይ ስላስቀመጡ ሁለት ጅሎች አጫውተሽኛል። አልሳቅሁም። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

አንደኛው ደምመላሽ ነው፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የመጣ ጎረቤቴ፣ የጭነት መኪና ሾፌር። ሁለተኛውን እደርስበታለሁ።

ዘመኑ የኢንቨስተር ነው። ትናንት ሰባተኛ ላይ ካልሲ ያዞር የነበረው ሁሉ ዛሬ ኢንቨስተር ነው። እኔም ሰው በታንኳ በሚሻገርበት ወንዝ በሞተር ጀልባ ከች ልልልሽ አሰብኩ። ጀልባዋን በርና መስኮት የሚበይዱ ልጆች ከላሜራ ሠሯት፤ መልህቋን ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ። ደምመላሽ እስከ ባሮ ጭኖ አደረሳት። ከዚያ መሪውን ልቀቅ ብለው አሻፈረኝ አለ። አምስተኛ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ለወንዙ ሊያሳየው ምንም አልቀረውም።

በመጋቢት ባሮ ከስቷል። ሞተሩን የሸጠልኝ ሰው እንደመከረኝ፣ ውሃው ሲነጣና ሲጨማደድ ከሥሩ አሸዋ አለ፣ ቀስ በል፣ ሞተሩን ወደ ላይ አንሳው ብዬ ደምመላሽን ለመንኩት። አሸዋ ላይ ነዳጅ ከቀነስክ ትቀበራለህ፣ እኔ አፋርን ያቋረጥኩት በዚህ ነው ብሎ ጭራሽ ጨመረለት። የሞተሩ ክንፍ አሸዋውን ነክሶ ጸጥ አለ። ወንዙ ቁልቁል ይወስደን ጀመር። መልህቁን ከፊት ጣለው፣ አፍንጫዋ ውሃው ወደሚመጣበት ይዙር ብዬ ጮህኩ። መኪና የሚያዘው በኋላ ጎማው ነው፣ ታኮም ጎማ ሥር የሚገባው ከኋላ ነው፣ አንተ ሱቅህን ጠብቅ አለኝና ባሌስትራውን ከኋላ ወረወረው። ገመዱንም አሳጥሮ አሰረው።

ያዘ። መያዙንስ ያዘ! ጀልባዋ ቂጧን ለወንዙ ሰጥታ ቆመች፤ ባሮም በኋላ በር ሳያንኳኳ ገባ። ሰመጥን እንዳልልሽ የሚሰመጥበት ውሃ የለም። ተቀመጥን።

ይኼኔ ነው ቢጫ ጃንጥላ ይዘሽ ዳር ላይ ያየሁሽ። ተማሪዎችሽ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እኔ ላንቺ ብዬ ያሰፋሁትን ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ። ደረቅ በቀረው በአፍንጫዋ በኩል ተጋደምኩና ኮቴን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ደምመላሽ እንኳ፣ አንተ ሰው፣ የመጣህላት እሷ ከሆነች ውረድና ሂድ እንጂ እያለ በእግሩ ጎሸመኝ። ኮቴን ይበልጥ ወደ አገጬ ሳብኩት።

አንቺ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ገባሽ። ውሃው ከጉልበትሽ አልዘለለም። ግማሹን መጥተሽ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽ፤ ድምፅሽን ከኮቴ ሥር ሆኜ ሰማሁት። ደምመላሽ፣ የእጁን ይስጠው፣ የለም እትዬ፣ ጓደኛዬን ወባ ይዞት ነው አለሽ። እግዜር ይማረው ብለሽ ተመለስሽ።

ጀልባዋ አሁን ጭድ ተራ፣ ሱቄ ደጃፍ ተጋድማለች። ጎረቤቴ ጭድ ሻጯ ሰዓደት ጭዷን ትቸረችርባታለች፤ የተረፈውን አህዮች ይበሉባታል። ተሸካሚዎቹ በሄድኩበት፣ ካፒቴን፣ ማዕበሉ እንዴት ነው ይሉኛል። ቀበሌው ቤት ትሁን ተሽከርካሪ ለመወሰን ስብሰባ ተቀምጧል። ደምመላሽ ዛሬም ታኮው ትክክል ነበር፣ የተሳሳተው ወንዙ ነው ይላል።

እንግዲህ ትዳርሽ የሰመረ፣ ጓዳሽ የሞላ ይሁን። ልጆችሽ ያንቺን ጉልበት ይውረሱ። ሰውዬሽ ደጅሽ ድረስ በእግሩ የመጣ ከሆነ ደህና ሰው ነው፤ ያዢው።

ደግሞ ያ ወባ የያዘው ምስኪን ዳነ ይሆን ብለሽ አዝነሽ ጽፈሻል። ድኗል። ሱሪው እንኳ አልረጠበም።

የቀድሞ እጮኛሽ
ከጭድ ተራ፣ ሚያዝያ 1996 ዓ.ም.